የፈንጣጣ አባት፦ አቡነ ማስያስና የሐኪም አደራ

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ሁለት አገር ያያል። ከላይ ጉምና ውርጭ የሚፈራረቁበት ደጋ፣ ከታች ሐሩርና ወባ የማይለዩት የይፋት ቆላ ነው። የመኪና መንገድ ከመጠረጉ በፊት ከታጁራ ወደብ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው በዚሁ ቆላ ዳርቻ፣ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ነበር። ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ሲወርድ፣ ለሽያጭ የሚነዱ ባሮችም አብረው ይወርዱ ነበር። በሽታም ከነጋዴውና ከጭነቱ ጋር ይጓዝ ነበር።

በ1868 በዚህ መንገድ ወደ ሸዋ ከገቡት እንግዶች መካከል ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ጢማቸው የረዘመ አንድ ካፑቺናዊ መነኩሴ ይገኙ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በትውልድ አገራቸው ጉልየልሞ ማሳያ ይባላሉ። በአገራችን አቡነ ማስያስ በሚለው ስም ታወቁ። በኦሮሞ አገሮች ደግሞ የፈንጣጣ አባት የሚል ቅጽል ተሰጥቷቸው ነበር። ይህን ስም ያተረፈላቸው ስብከታቸው ወይም ማዕርጋቸው ሳይሆን፣ ሕዝብን ከዚያ አስፈሪ በሽታ ለመጠበቅ የሰጡት ክትባት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የአቡነ ማስያስ ሐዋርያዊ ጉዞ በብዙ መጻሕፍት ተተርኳል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምናወሳው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መድኃኒት በእጁ የያዘ ሰው አደራው ለማን ነው? ለከፈለው ነው? ለወደደው ነው? ወይስ ለታመመው ሁሉ?

ልደትና ጥሪ

አቡነ ማስያስ ጁን 8 ቀን 1809 በሰሜን ኢጣሊያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ በአስቲ አውራጃ ፒዮቫ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ሎሬንሶ ሲሆን፣ ጉልየልሞ የተባሉት በ1826 ወደ ካፑቺኖች ማኅበር ገብተው የምንኩስና ልብስ በለበሱ ጊዜ ነው። በ1832 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ።

ካፑቺኖች የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ድህነት በጥብቅ የሚከተሉ መነኮሳት ናቸው። በአውሮፓ ከተሞች ወረርሽኝ በገባ ቁጥር ሌላው ሰው ሲሸሽ ከሕሙማን ጋር የመቅረት የቆየ ልማድ ነበራቸው። ወጣቱ ካህንም የመጀመሪያ አገልግሎታቸውን የፈጸሙት በዚሁ ልማድ መሠረት በሕሙማን መካከል ነው።

በቱሪን ሆስፒታል

ከ1834 እስከ 1836 ድረስ አባ ጉልየልሞ በቱሪን ከተማ በሚገኘው የማውሪሲያኖ ሆስፒታል የሕሙማን መንፈሳዊ አባት ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው ማናዘዝ፣ ማቁረብና የሚሞቱትን ማጽናናት ነበር። ነገር ግን ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዘዋወሩ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሐኪሞች እንዴት እንደሚመረምሩ፣ ቁስል እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚታሰር፣ ቀላል ቀዶ ሕክምናም እንዴት እንደሚደረግ ተመለከቱ፤ ጠየቁ፤ ተማሩም። የተመረቁ ሐኪም አልሆኑም፤ በኋላ ዘመን ግን ሐኪም በሌለበት አገር ይህ ትምህርት ብዙ ሕይወት የሚያድን ሀብት ሆነላቸው።

በዚያን ዘመን በቱሪን ስለ ሕክምና ፍትሕ የሚያስተምር አንድ መራራ ታሪክ ገና አልተረሳም ነበር። በ1827 ከሚላኖ ወደ ሊዮን ስትጓዝ የነበረች አንዲት ነፍሰ ጡር ፈረንሳዊት እናት በከተማይቱ ታመመች። አጠቃላዩ ሆስፒታል ነፍሰ ጡር ናት በማለት መለሳት፤ የወላዶች ቤት ደግሞ በሽተኛ ናት በማለት አልተቀበላትም። ሁለቱም በደንባቸው መሠረት ትክክል ነበሩ፤ እርስዋ ግን በባሏና በልጆቿ ፊት ሞተች። ለመጨረሻው ጸሎት የተጠራው ካህን ዮሴፍ ቤኔዴቶ ኮቶሌንጎ ይህን ባየ ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት የትኛውም ሆስፒታል የማይቀበላቸውን ሕሙማን የሚያስተናግድ ጥቂት ክፍል ከፈተ። በ1832 ሥራውን በቫልዶኮ ሰፈር አስፋፍቶ ትንሽዋ የመለኮታዊ አሳቢነት ቤት የተባለውን ተቋም መሠረተ። ይህ ካህን በ1934 ቅድስናው ታውጇል።

አባ ጉልየልሞ ኮቶሌንጎን በቅርብ ያውቁት ነበር፤ በመንፈሳዊ ነገርም ይመካከሩ ነበር። ከዚህ ወዳጅነት ሊማሩ የሚችሉት ትልቅ ነገር ነበር። የሕክምና ቤት ደንብ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሥርዓት ያለ ደንብ አይቆምም። ነገር ግን ደንቡ ለሕመምተኛው የተሠራ መሆኑ ሲረሳና ሕመምተኛው ለደንቡ የተፈጠረ ሲመስል፣ ማንም ሳይበድል ሰው ይሞታል።

ከ1836 ጀምሮ አባ ጉልየልሞ ለአሥር ዓመት ያህል የፍልስፍናና የነገረ መለኮት መምህር ሆነው ሠሩ። የኑሮአቸው መንገድ ወደ መጽሐፍና ወደ ጉባኤ ያዘነበለ ይመስል ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ

በ1846 ሊቀ ጳጳስ ዘሮማ ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ አገሮች አዲስ ሐዋርያዊ አስተዳደር አቋቋሙ። ለዚህ ሥራ የተመረጡት አባ ጉልየልሞ ሜይ 24 ቀን 1846 በሮማ ጵጵስና ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመትም ምጽዋ ደረሱ። በ1849 መጀመሪያ ላይ እዚያው በምጽዋ አባ ያዕቆብ ደ ያቆቢስን፣ ዛሬ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ተብለው የሚጠሩትን፣ ጳጳስ አድርገው ቀቡ።

ወደ ተመደቡበት አገር መግባት ግን ቀላል አልነበረም። በአገር ውስጥ በነበረው የሃይማኖት ክርክር ምክንያት የሰሜኑ መንገድ ተዘጋባቸው። ስለዚህ ወደ አውሮፓ ተመልሰው እንደገና በግብፅና በሱዳን በኩል፣ ዓባይን ተከትለው፣ የእናታቸውን ቤተ ዘመድ ስም ይዘው እንደ ነጋዴ ተመስለው መጡ። በኖቬምበር 1852 ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ገቡ። ከተሾሙ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉድሩን፣ ሌቃ ለገማራን፣ ሊሙ እናርያንና ከፋን አዳርሰዋል። በከፋ ከ1859 እስከ 1861 ድረስ ከቆዩ በኋላ ተባረሩ። በ1863 ወደ ሰሜን ሲመለሱ በዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ተይዘው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ተለቀቁ። ወደ አውሮፓ በሄዱበት ጊዜም አላረፉም። ለኦሮሞ ወጣቶች በማርሴይ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1867 ደግሞ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፋቸውን በፓሪስ አሳተሙ።

ፈንጣጣና ክትባት

በእነዚያ ዓመታት የአቡነ ማስያስን ስም በሩቅ ያስጠራው ፈንጣጣ ነው። ዛሬ በዕድሜ ከገፉት በቀር ይህን በሽታ በዓይኑ ያየ ሰው የለምና ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ነበር። ጽኑ ትኩሳት ከያዘው በኋላ ሰውነቱ ሁሉ መግል በቋጠረ ዕብጠት ይሸፈን ነበር። ብርቱ በሆነው ዓይነት ከተያዙት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ይሞት ነበር። የዳነውም ፊቱ ተበሳስቶ፣ አንዳንዱም ዓይኑ ጠፍቶ ይቀር ነበር። በሽታው ደረጃ አይለይም። በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር በደረሰ ጊዜ በቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ በፈንጣጣ የተያዙ የመሳፍንት ልጆችን እንዲያክም ተጠይቆ ነበር።

አባቶቻችን ይህን በሽታ ዝም ብለው አልተመለከቱትም። በአንዳንድ አውራጃ ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስደው፣ የጤነኛውን ክንድ ሰንጥቀው ይቀቡት ነበር። በዚህ መንገድ የተከተበ ሰው በአብዛኛው በቀላሉ ታሞ ይድናል፤ ከዚያም በሽታው ዳግመኛ አይዘውም። ነገር ግን የተሰጠው ራሱ ፈንጣጣ ስለ ሆነ አንዳንዱ ይሞት ነበር፤ ያልተከተበ ጎረቤትም ከእርሱ ሊይዘው ይችላል። በ1796 እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ከዚህ የሚሻል መንገድ አገኘ። የላም ፈንጣጣ የተባለውን ቀላል በሽታ በመክተብ ሰውን ከብርቱው ፈንጣጣ መጠበቅ እንደሚቻል አሳየ።

የክትባቱ ዘር ግን በሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል። በረዶ ቤት በሌለበት ዘመን ሩቅ አገር ለማድረስ አስተማማኙ መንገድ ከክንድ ወደ ክንድ ማስተላለፍ ነበር። አንድ ሰው ይከተባል፤ ከሳምንት ያህል በኋላ ከክንዱ ዕብጠት ፈሳሽ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል። የስፔን መንግሥት በ1803 ክትባቱን ወደ አሜሪካ ግዛቶቹ ሲልክ መርከቡ ላይ የጫነው ወላጆች የሌሏቸውን ሕፃናት ነበር፤ በየተራ እየተከተቡ ዘሩን በአካላቸው ይዘው ውቅያኖሱን አሻገሩ። ሥራው ብዙ ሺህ ሕዝብ አድኗል። ሆኖም ለዓለም ጤና ክንዳቸውን ያዋሱት ልጆች ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

ከዚህ ሌላ አደጋም ነበር። በ1861 በአቡነ ማስያስ የትውልድ ግዛት በፒየሞንቴ፣ ሪቫልታ በምትባል መንደር፣ ከክንድ ወደ ክንድ በተደረገ ክትባት ከአርባ በላይ ሕፃናት ቂጥኝ ተጋብቶባቸው ታላቅ ሐዘን ሆነ። ምክንያቱ ዘሩ የተወሰደበት ሕፃን አስቀድሞ አለመመርመሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ሐኪሞች በኔፕልስ እንደ ተለመደው ዘሩን በጥጃ ቆዳ ላይ ማሳደግን መረጡ። እንግዲህ ክትባት መልካም ነው ማለት ብቻ አይበቃም። የሚከትበው ሰው ከማን እንደ ወሰደ፣ ለማን እንደ ሰጠ፣ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ምን እንደ ሆነ ማወቅና ለቤተ ሰቡ መናገር አለበት። ይህ ዛሬም የሕክምና ሕግ መሠረት ነው።

አቡነ ማስያስ በጉድሩና በዙሪያው ባሉ አገሮች ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ክትባትን ሥራዬ ብለው ያዙ። ዝናው በተሰማ ቁጥር ከሩቅ ቦታ ሳይቀር እናቶች ልጆቻቸውን ተሸክመው ይመጡ ነበር። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው። በበሽታው ስም መጠራት በሌላ ሰው ላይ ስድብ በሆነ፤ በእርሳቸው ላይ ግን የምስጋና ስም ሆነ።

አደራው ለማን ነው?

የንጉሥ ሐኪም መሆን በዚያን ዘመን ለማንኛውም እንግዳ የተከፈተ ሰፊ በር ነበር። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሳሉ በ1841 የመጡት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች ያለ ምክንያት ሐኪም ይዘው አልመጡም። መድኃኒት ከጠመንጃና ከሐር ጨርቅ ጋር የሚቆጠር ገጸ በረከት ነበር። ባለ መድኃኒቱ በቤተ መንግሥት አጠገብ ተቀምጦ፣ በንጉሡ ገበታ እየበላ፣ ንጉሡንና መኳንንቱን እያከመ በክብር መኖር ይችላል። ከአምባው በታች ያለው ገበሬ፣ በቆላው ያለው ከብት አርቢ፣ በገበያ የታሰረው ባሪያ ግን ስሙንም አይሰማም።

ከአቡነ ማስያስ ሕይወት የምንማረው ትልቁ ነገር ከዚህ ፈተና ጋር የተያያዘ ነው። እርሳቸውም ነገሥታትን ያውቁ ነበር፤ በነገሥታትም ዘንድ ይፈለጉ ነበር። ቢሆንም በድህነት መሐላ የታሰሩ መነኩሴ ስለ ነበሩ ሕክምናን የሀብት መንገድ አላደረጉትም። በሚኖሩባቸው አገሮች ይካሄድ የነበረውን የባሪያ ንግድ አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ አቅም በፈቀደላቸው መጠን ባሮችን እየዋጁ ነጻ ያወጡ ነበር። ከተዋጁት ወጣቶችም ያስተማሯቸው ነበሩ። ሰውን በዋጋ የሚመዝን ገበያ ባለበት አገር የባሪያን ልጅና የጌታን ልጅ አንድ አድርጎ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

የፈንጣጣ ክትባትም በባሕርዩ ይህንኑ ያስተምራል። ጌታው ልጁን አስከትቦ አገልጋዩን ቢተው፣ በሽታው በአገልጋዩ ጎጆ ቆይቶ ገና ወዳልተወለደው ልጁ ይመለሳል። ደጋው ተከትቦ ቆላው ቢቀር፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በሽታው ከቅፍለቱ ጋር ዳገቱን ይወጣል። ተላላፊ በሽታ ባለበት አገር ድሀውን ማከም ምጽዋት ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ቤት ጥበቃ ነው። ፍትሕና ጥበብ እንደዚህ በአንድነት የሚገናኙበት ሥራ ብዙ አይገኝም።

በሌላ በኩል ከባድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አቡነ ማስያስ የመጡት ሃይማኖትን ለመስበክ ነው፤ ሕክምናው ደግሞ የሕዝብን ልብ ከፍቶላቸዋል። ታዲያ መድኃኒት ሰውን ወደ እምነት የሚስብ ወጥመድ ሊሆን አይችልምን? ሊሆን ይችላል፤ በዓለም ላይ የሆነበትም ጊዜ አለ። በሽተኛ ሰው ደካማ ነው፤ ደካማን ሰው በጭንቀቱ ሰዓት ማስገደድ በደል ነው። ስለዚህ የሐኪም አደራ ለሕመምተኛው ጤና ብቻ ነው። የእስላሙን ቁስል እንደ ክርስቲያኑ፣ የኦርቶዶክሱን እንደ ካቶሊኩ፣ የማያምነውንም እንደ አማኙ ሊያጥበው ይገባል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው ጎረቤት በሆኑበት በይፋት ይህን መዘንጋት አይቻልም። በወንጌል የተነገረው ሳምራዊም በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ነው ያነሣው።

በሸዋ

አቡነ ማስያስ በ1868 ሸዋ ሲደርሱ በደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በልቼ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኙ። ሐሳባቸው ወደ ደቡብ አልፈው የቀድሞ ምእመናኖቻቸውን ለመጎብኘት ነበር። ንጉሡ ግን አማካሪ አድርገው አስቀሯቸው። ስለዚህ ወደ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በሸዋ ቆዩ። ፊንፊኔ ላይ ቢርቢርሳ በተባለው ስፍራ መሬት ተሰጥቷቸው የስብከት ጣቢያ አቋቋሙ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ ማለት ነው። ፍቅሬ ግምብ የተባለውም የሸዋ ጣቢያቸው ነበር።

በ1876 የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በኦራስዮ አንቲኖሪ መሪነት ሸዋ ሲገቡ ከንጉሡ ጋር በማገናኘት ረድተዋቸዋል። ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። በሚቀጥለው አሥር ዓመት ሌዮፖልዶ ትራቨርሲ የተባለ ሐኪም በዚሁ ቦታ ሠርቷል። አቡነ ማስያስ በዚህ ግንኙነት የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት የሚጠነክር መስሏቸው ነበር። ከእርሳቸው ሞት ሰባት ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የሆነውን አላዩም።

ስደትና የመጨረሻ ዘመን

በ1878 ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በገቡ ጊዜ፣ የውጭ አገር ሰባክያን ከሸዋ እንዲወጡ በንጉሠ ነገሥቱ ተወሰነ። በ1879 የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሸዋን ለቀው በደብረ ታቦር ዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀረቡ። ከዚያም በሱዳን በኩል እንዲወጡ ተደረገ። ኢትዮጵያን ዳግመኛ አላዩአትም።

ሥራቸው ግን አልተቋረጠም። ተከታያቸው አቡነ ታውሪን ካኛ በሐረር ተቀመጡ። የካፑቺኖች ተልእኮ በ1901 እዚያው በሐረር የለምጽ ሕሙማን መጠለያ ከፈተ። ዘመድ ያገለላቸውን፣ ገበያ የከለከላቸውን ሕሙማን የሚቀበል ቤት በመክፈቱ የኮቶሌንጎን ሐሳብ በኢትዮጵያ ምድር ተከለው ማለት ይቻላል።

በ1884 ሊቀ ጳጳስ ሌዮን 13ኛ አቡነ ማስያስን ካርዲናል አድርገው ሾሟቸው፤ የኢትዮጵያ ቆይታቸውንም እንዲጽፉ አዘዟቸው። የሠላሳ አምስት ዓመት አገልግሎታቸውን የሚተርከው መጽሐፍ ከ1885 ጀምሮ በአሥራ ሁለት ቅጽ ታትሟል። ኦገስት 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ ዐረፉ፤ ዐፅማቸው በሮማ አጠገብ በፍራስካቲ በሚገኘው የካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ዐርፏል። በዚያው ዘመን አገራችን በክፉ ቀን ትማቅቅ ነበር። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ ሕዝቡ በራብና በወረርሽኝ ይረግፍ ነበር፤ ከወረርሽኞቹም አንዱ ፈንጣጣ ነበር።

ከሞት በኋላ

የሙት ሰው ስም ራሱን መከላከል አይችልም። የፋሽስት መንግሥት ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ በ1939 ስለ አቡነ ማስያስ ፊልም አስደርጎ፣ በቬኔዝያ በዓል ላይ ተሸልሞ፣ ለቅኝ ግዛት መወድስ ተጠቀመበት። ያው መንግሥት ግን በ1935 መጨረሻ በደሴ የሚገኘውን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳን በአውሮፕላን ደብድቧል። በዚያው ወር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድን አጥቅቷል፤ በጦር ሜዳም የተከለከለውን መርዝ ረጭቷል። ሕሙማንን በድንኳናቸው የሚደበድብ ኃይል በአንድ ከታቢ መነኩሴ ስም መመካቱ አሳፋሪ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰውየውን ከዚያ ፊልም ለይተን በሥራቸው ልንመዝናቸው ይገባል። ከዚህ በኋላ ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ሊቀ ጳጳስ ፍራንቸስኮስ የአቡነ ማስያስን መንፈሳዊ ምግባር ከፍተኛነት የሚመሰክረውን ውሳኔ አጽድቀዋል።

አቡነ ማስያስ የተዋጉት በሽታስ ምን ሆነ? በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ተጀመረ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ዘመቻው ከበፊቱ የተሻለ መሣሪያ ነበረው። ሙቀት የማያበላሸው ደረቅ ክትባትና ጫፉ ለሁለት የተከፈለ ቀላል መርፌ ተገኝቶ ነበር። ቢሆንም ድሉን ያመጣው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ፣ ገደል እየወጡና በረሃ እያቋረጡ፣ እያንዳንዱን ሕመምተኛ እስከ ጎጆው ድረስ ፈልገው በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በኦገስት 1976 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሶማልያ የመጨረሻው ተገኘ፤ በሜይ 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በሽታው የተሸነፈው በቤተ መንግሥት ወይም በትልቅ ከተማ አይደለም። በመጨረሻው የዘላን ሰፈር፣ በመጨረሻው ድሀ ደጃፍ ነው።

ለእኛ የቀረልን አደራ

ፈንጣጣ ጠፋ፤ ጥያቄው ግን አልጠፋም። ወባ በቆላው አለ፤ የወሊድ ጣር በየመንደሩ አለ። በ1958 የወባ ወረርሽኝ ከቆላ ተነሥቶ የወይና ደጋውን ሕዝብ በመታ ጊዜ በኢትዮጵያ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ብዙዎቹ መድኃኒት ከሚገኝበት መንገድ የራቁ ነበሩ። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከአስፋልት ወርዶ ወደ ጎጆ የመሄድን አስፈላጊነት መንግሥትም እንደ ተረዳ ያሳያሉ።

በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእናንተ ድካም ቀላል አይደለም። ሕሙማን ብዙ፣ እጅ ጥቂት፣ መድኃኒት አልፎ አልፎ የሚያልቅ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅን የምናሳስባችሁ አንድ ነገር አለ። ከቆላ በቃሬዛ የመጣውን፣ ቋንቋው ያልገባችሁን፣ ልብሱ የነተበውን፣ ከፋዩ ያልታወቀውን ሰው የምትቀበሉበት ሁኔታ የሙያችሁ መመዘኛ ነው። ዘመድ ያለው ቀድሞ ሲገባ፣ ዘመድ የሌለው ተሰልፎ ሲውል፣ በቱሪን ያቺን እናት የገደለው በደል ተመልሶ ይመጣል። የማታውቁትን አናውቅም ብሎ ወደሚያውቅ መላክ፣ የምታደርጉትን ለታማሚው በሚገባው ቃል ማስረዳት፣ የሰማችሁትን ምስጢር መጠበቅም የዚሁ አደራ ክፍል ነው።

ለእኛም ለምእመናን ድርሻ አለን። ሐኪምን ሁሉ ቻይ አድርገን አንጠብቅ፤ በጉቦና በአማላጅም አንፈትነው። የጎረቤታችንን ልጅ ሳናስከትብ የራሳችንን ብቻ ማስከተብ እንደማይበቃ እንወቅ። የታመመውን በማኅበራችንና በዕድራችን ተሸክመን እናድርሰው። ዳገቱን መውጣት ያልቻለውን ሰው ይዞ የሚወጣ ትከሻ በየመንደራችን አለና።

አቡነ ማስያስ ካርዲናል ሆነው ሞቱ፤ የማዕርጋቸው ቀይ ልብስ ግን በሕዝብ አፍ ላይ አልቀረም። ሕዝቡ ያስታወሳቸው ክንድ ይዘው በሚከትቡበት ሥራ፣ በበሽታው ስም ነው። በእጁ መድኃኒት የያዘ ሁሉ፣ ከስሙ ይልቅ ያዳናቸው ሰዎች እንዲያስታውሱት ቢሠራ፣ አደራውን ፈጽሟል ማለት ነው።